ቁጥር ያልነበረው ቫልቭ

ሥራውን ስረከብ የተሰጠኝ አንድ የኤክሴል ፋይል ነበር። ከ11,000 በላይ መስመር አለው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ ዕቃ ተመዝግቧል፦ ፓምፕ፣ ቫልቭ፣ ሴንሰር፣ ሞተር፣ ታንክ። የመጨረሻው ዓምድ ባዶ ነው። ከላዩ "ለደህንነት ወሳኝ ነው?" ይላል። የእኔ ሥራ "አዎ" ወይም "አይደለም" እያልኩ መሙላት ነው።

ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት በኢንስትሩመንት (የመለኪያና የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎች) ቴክኒሻንነት ሠርቻለሁ። ቦታው ተቀጣጣይ ፈሳሽ በብዛት የሚከማችበትና የሚጣራበት ነው። የትኛው ቫልቭ ሲዘጋ እንደሚያጓራ፣ የትኛው ጌጅ ጠዋት ጠዋት እንደሚሳሳት አውቃለሁ። ስለዚህ ቢሮ ቁጭ ብዬ መሙላት ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሲደመር ከ2,600 በላይ "አዎ" ወጣ። ትልቁ ኮምፕሬሰር አዎ። ዋናው ትራንስፎርመር አዎ። ውድ የሆነው ሁሉ አዎ። ሲበላሽ ስብሰባ የሚያስጠራው ሁሉ አዎ።

ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀሯቸው አንድ ኦፕሬተር ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዝርዝሩን አትሜ አሳየኋቸው። ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ና እስቲ" አሉኝ።

የሄድነው ወደ ትልቁ የቤንዚን ታንክ ጀርባ ነው። ታንኩን ዙሪያውን የሚከብ የኮንክሪት ግንብ አለ። ከግንቡ ውጭ፣ ሣር የበቀለበት ጥግ ላይ አንድ የእጅ ቫልቭ አለ። መዘውሩ ዝጓል። ቀለሙ ተላልጧል። በሌሎቹ ላይ ሁሉ የተንጠለጠለችው የቁጥር ሰሌዳ እዚህ የለችም።

"ይሄ ምንድነው?" አሉኝ።

"የዝናብ ውሃ ማፍሰሻ ነው፣ ጋሼ።"

"ክፍት ነው ዝግ?"

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ዘንጉ ከመዘውሩ በላይ አራት ጣት ያህል ወጥቷል። ክፍት ነው።

"ትናንት ዘንቦ ነበር። ውሃውን አፍስሰው ረስተውታል። ታንኩ ዛሬ ማታ ሞልቶ ቢፈስ፣ ይሄ ግንብ ምን ይይዝልሃል?"

መልስ አልነበረኝም። ያ ግንብ የተሠራው ታንኩ ሙሉ በሙሉ ቢፈስ እንኳ ይዞ እንዲያቆይ ነው። ማፍሰሻው ክፍት ከሆነ ግን ግንቡ የተቀደደ ባልዲ ነው። ቤንዚኑ በቧንቧው አድርጎ ወደ ቦዩ፣ በቦዩ አድርጎ እሳት ወዳለበት ይሄዳል። ጋሼ መዘውሩን ሁለት እጃቸውን አስገብተው ዘጉት። ከዚያ "ዝርዝርህ ላይ አለ?" አሉኝ። የለም። "አይደለም" ተብሎ እንኳ አልተመዘገበም። ከ11,000ው ውስጥ ጭራሽ የለም።

ያን ቀን ማታ ፋይሉን ከፍቼ "አዎ" ያልኳቸውን በሙሉ አጠፋሁ።

የተሳሳትኩት መነሻዬ ላይ ነው። ከዕቃው ነበር የተነሳሁት። መነሳት የነበረብኝ ከአደጋው ነው። በማግስቱ ኦፕሬተሮቹን፣ የጥገና ሰዎችንና የእሳት አደጋ ቡድኑን በየፈረቃቸው እየዞርኩ አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። እዚህ ግቢ ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ሊገድል የሚችለው ምንድነው? እግር የሚያንሸራትተውን፣ እጅ የሚቆርጠውን አይደለም። እሱም መታየት አለበት፤ ግን መንገዱ ሌላ ነው። የጠየቅኋቸው ስለ ትልቁ አደጋ ነው።

መልሶቹ የሚገርም ያህል ጥቂት ናቸው። ታንክ ሞልቶ መፍሰስ። የግፊት ዕቃ ከአቅሙ በላይ ተጨንቆ መፈንዳት። ዋና ቧንቧ መቀደድ። ማሞቂያ ምድጃ ሲለኮስ ውስጡ በተጠራቀመ ጋዝ መፈንዳት። ክሬን የተሸከመውን ሥራ ላይ ባለ ቧንቧ ላይ መጣል። እኛ ጋ ዘጠኝ ሆኑ። ከዚያ እያንዳንዱን አደጋ መሐል ላይ አስቀምጠን በግራው መንስኤዎቹን፣ በቀኙ መዘዞቹን ጻፍን። በግራ በኩል አደጋው እንዳይነሳ የሚይዘው ምንድነው? በቀኝ በኩል ከተነሳ በኋላ እንዳይስፋፋ የሚይዘው ምንድነው? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ሆነው የመጡት ነገሮች ዝርዝሩን ሠሩት። ያ ማፍሰሻ ቫልቭ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ፣ በቀኝ በኩል ገባ።

ከዚያ በየዕቃው ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል። ይህ ዕቃ ቢበላሽ ትልቅ አደጋ ሊያስነሳ ወይም ለመነሳቱ በጉልህ ሊያግዝ ይችላል? ወይስ የተሠራበት ዓላማ ትልቅ አደጋን መከላከል ወይም ጉዳቱን መቀነስ ነው? ለአንዱ እንኳ "አዎ" ከተባለ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 በሰሜን ባሕር ላይ ፓይፐር አልፋ የተባለው የነዳጅ መድረክ ተቃጥሎ 167 ሰው ካለቀ በኋላ የእንግሊዝ ሕግ ቀስ በቀስ የደረሰበት ነው። በ1996 የወጣው ደንብ የባሕር ላይ መድረኮች ለደህንነት ወሳኝ የሆኑ ክፍሎቻቸውን ለይተው እንዲያውቁ አስገደደ። በዚያ ላይ ገለልተኛ የሆነ ባለሙያ እንዲያረጋግጥላቸው አዘዘ። ይህ ሁለተኛው ነገር ትልቅ ነው። እኔ ራሴ የሠራሁትን ዝርዝር እኔው ብቻ ባየው ኖሮ ያ ቫልቭ ዛሬም ቁጥር የለውም ነበር።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይምታታል። ጥያቄው "የመበላሸት ዕድሉ ስንት ነው?" አይደለም። ስብሰባ ላይ "ይሄ ዕቃ እኮ በ20 ዓመት አንዴ አልተበላሸም" የሚል ሰው አይጠፋም። ይሁን። ቢበላሽስ? ወሳኝ የሚያደርገው መዘዙ ነው። እምብዛም አለመበላሸቱ የሚጠቅመን በኋላ፣ በስንት ጊዜ እንፈትሸው ስንል ነው።

ከምርት ክፍል ኃላፊው ጋር ሁለት ቀን የተከራከርነው በኮምፕሬሰሩ ጉዳይ ነው። ከዝርዝሩ አውጥቼዋለሁ። "ያለ እሱ እኮ ፋብሪካው ቀጥ ይላል!" አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ቀጥ ሲል ማን ይጎዳል? ኮምፕሬሰሩ ሲቆም ቫልቮቹ ይዘጋሉ፣ ግፊቱ ወደ ማቃጠያው፣ ትርፍ ጋዝ ወደሚነድበት ምሰሶ፣ ይወጣል፣ ሁሉም ጸጥ ይላል። ኪሳራ ነው፤ አደጋ አይደለም። በአንጻሩ የማቀዝቀዣ ውሃ የምትገፋ አንዲት ትንሽ ፓምፕ አለች። ራሱን በራሱ የሚያሞቅ ኬሚካል ያለበትን ዕቃ ታቀዘቅዛለች። እሷ ስትቆም ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይጨምራል። እሷን አስገባኋት። የኮምፕሬሰሩ ቅርፊት ግን፣ ጋዙን ይዞ የሚያቆየው ብረትና ማሸጊያው፣ ዝርዝሩ ላይ አለ። እሱ ከተቀደደ ጋዝ ይወጣላ። አንዱ ማሽን ላይ የሚዞረው ክፍል "አይደለም"፣ የሚይዘው ክፍል "አዎ" ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ከዕቃው ስም አጠገብ "ምን እንዲያደርግልን ነው?" የሚል ዓምድ የጨመርኩት። ያለዚያ ዓምድ ዝርዝሩ ምንም አይናገርም።

ስለ ትናንሽ ነገሮች ካነሳሁ አይቀር ስለ አንድ ጓጉንቸር ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 2005፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ፣ እንግሊዝ አገር በንስፊልድ በተባለ የነዳጅ ዴፖ ውስጥ 912 ቁጥር ታንክ ቤንዚን መቀበል ጀመረ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ላይ የፈሳሹን ከፍታ የሚለካው ጌጅ ተጣበቀ። ታንኩ እየሞላ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን አይንቀሳቀስም። ያ ጌጅ ከነሐሴ ማብቂያ ወዲህ 14 ጊዜ ተጣብቋል። እንዲህ ላለው ቀን ሌላ ስዊች ነበር። ከጌጁ ፈጽሞ የተለየ፣ ፈሳሹ ጫፍ ሲደርስ ራሱ መስመሩን የሚያስዘጋ። እሱም አልሠራም። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ቤንዚኑ በታንኩ ጣሪያ በኩል መፍሰስ ጀመረ። ከ250,000 ሊትር በላይ ፈሰሰ። ትነቱ ነጭ ጉም ሆኖ ግቢውን አልፎ ወጣ። ከንጋቱ 12:01 ላይ ፈነዳ። እሑድ ንጋት ስለነበር ሰው አልሞተም። 43 ሰዎች ቆሰሉ።

ስዊቹ ለምን አልሠራም? ላዩ ላይ ለፍተሻ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ዘንግ አለው። ፍተሻው ሲያልቅ ዘንጉ ወደ ሥራ ቦታው ተመልሶ በጓጉንቸር ይያዛል። ጓጉንቸሩ ከሌለ ዘንጉ ይወርዳል፣ ስዊቹም ፈሳሹን አያይም። እዚያ የነበሩት ሰዎች ጓጉንቸሩ ማንም እንዳይነካካው የተደረገ መሰላቸው። አላሰሩትም። ከውጭ ለሚያየው ስዊቹ ተተክሏል፣ ገመዱ ተገናኝቷል፣ ምንም አልጎደለም።

ይህን ታሪክ ሳነብ የራሳችንን ስዊቾች ልፈትሽ ታንክ ላይ ወጣሁ። የእኛ ሌላ ዓይነት ናቸው፤ ጓጉንቸር የላቸውም። ግን ሌላ ነገር አየሁ። በአንዱ ታንክ ላይ ጌጁና "ገለልተኛ" የምንለው ስዊች በአንድ አጭር ቧንቧ ላይ ነው የተቀመጡት። ያ ቧንቧ በቆሻሻ ከተደፈነ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይታወራሉ። ወረቀት ላይ ሁለት ናቸው። ብረቱ ላይ አንድ ናቸው። አሁን ያ አጭር ቧንቧም በዝርዝሩ ላይ ለብቻው ቁጥር አለው፤ ስዊቹን ወደ ሌላ ቦታ እስክናዛውረውም በየወሩ ይጸዳል።

ስለዚህ ወሳኙን ዕቃ ስንጽፍ ሰንሰለቱን በሙሉ እንጽፋለን። ሴንሰሩ ያያል። ኮምፒውተሩ ይወስናል። ትንሿ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ትልቁን ቫልቭ ከፍቶ የያዘውን አየር ትለቃለች። ስፕሪንጉ ትልቁን ቫልቭ ይዘጋል። ከእነዚህ አንዱ ከቀረ የቀሩት ሦስቱ አይጠቅሙንም። ሴንሰሩን ብቻ ጽፎ "አዎ" ያለ ሰው ሩብ ሥራ ሠርቷል። ቦታውም መታየት አለበት። አንድ የጋዝ ሴንሰር ለጥገና እንዲመች ተብሎ በሰው ቁመት ልክ ተሰቅሎ አገኘሁ። የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። ያ ሴንሰር የሚጮኸው ጉሙ ጭንቅላታችን ድረስ ከደረሰ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል እንዲህ ነው። ወደ ጉልበት ዝቅ አደረግነው።

እነዚህ ዕቃዎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። ሲበላሹ አይናገሩም። ፓምፕ ሲበላሽ ምርት ይቆማል፣ ሰው ይሮጣል። የመጨረሻው ስዊች ሲበላሽ ግን ምንም አይሆንም። ቀኑ እንደ ትናንቱ ያልፋል። ስለዚህ መበላሸቱን የምናውቀው ወይ በፍተሻ ነው፣ ወይ በአደጋው ቀን ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ እኔን ግን በጣም ስለቀየረኝ ላስቀምጠው። በአማካይ በ10 ዓመት አንድ ጊዜ በድብቅ የሚበላሽ ስዊች እንውሰድ። በዓመት አንዴ ብቻ ከተፈተሸ፣ ሲበላሽ በአማካይ ግማሽ ዓመት ማንም ሳያውቅ ይቆያል። ከ10 ዓመት ግማሽ ዓመት ማለት ከ20 አንድ ነው። ስዊቹ በሚፈለግበት ቀን፣ ከ20 ጊዜ አንዴ ስዊቹ የለም ማለት ነው። በየወሩ ከተፈተሸ ከ240 አንዴ ይሆናል። ስዊቹ ያው ስዊች ነው። አይኢሲ 61511 የሚባለው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ደረጃ 2 ለሚለው መከላከያ ከ100 ጊዜ ከአንዴ በታች እንዲሳት ይጠይቃል። የዓመቱ ፍተሻ እዚያ አያደርስም። የወሩ ያደርሳል። ይህን ወረቀት ላይ ሠርቼ ያሳየኋቸው የጥገና ኃላፊ "ፍተሻ ሥራ ያበዛል" ማለታቸውን በዚያው ተዉ።

"ፈትሸነዋል" ማለት ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ምን ሲያደርግ ነው ያለፈው? እያንዳንዱ ወሳኝ ዕቃ የሚለካበት ቁጥር ያስፈልገዋል። ይህ ቫልቭ በ20 ሰከንድ ውስጥ ይዘጋል። ይህ የእሳት ፓምፕ በዚህ ግፊት ይህን ያህል ውሃ ይሰጣል። በእሳት ውስጥም እስከ መቼ መሥራት እንዳለበት ይጻፋል። ምክንያቱም ገመዱ እሳት ሊነሳ በሚችልበት ቦታ መሐል የሚያልፍ ቫልቭ በሰላም ቀን ሲፈተሽ ያልፋል። የእሳቱ ቀን ግን ገመዱ ይቀልጣል።

አሁን ለመጻፍ የሚከብደኝ ላይ ደርሻለሁ። ቴክኒሻን ሆኜ በሠራሁባቸው ስምንት ዓመታት የመዝጊያ ቫልቮችን እፈትሽ ነበር። ከፍተሻው በፊት ቫልቩን ሁለት ሦስቴ ከፍቼ እዘጋዋለሁ። ግሪስ አደርጋለሁ። ሲላላ ሰዓቴን ይዤ እለካለሁ። ሁሌም ያልፋል። እንዲህ ነው የተማርኩት፤ ሁላችንም እንዲህ ነበር የምንሠራው። ግን አደጋው ሲመጣ ቫልቩን ቀድሞ የሚያላላው ሰው የለም። ስድስት ወር ቆሞ የከረመው ቫልቭ የሚሰጠን የመጀመሪያውን እንቅስቃሴውን ብቻ ነው። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን እንቅስቃሴ ሳልመዘግበው አሳልፌዋለሁ። ስንቶቹ አይዘጉም እንደነበር ዛሬ ማወቅ አልችልም። አሁን የፍተሻ ቅጹ ላይ የመጀመሪያው መስመር "ሳይነካ እንደተገኘ" የሚል ነው።

ሌላው የዝርዝሩ ጥቅም ዕቃው ከሥራ ውጭ በሚሆንበት ሰዓት ይታያል። ፓይፐር አልፋ ላይ የእሳት ፓምፖች ነበሩ። ጠላቂ ሠራተኞች ውሃ ውስጥ ሲሆኑ እንዳይስቧቸው ተብሎ ፓምፖቹ በእጅ ብቻ እንዲነሱ ይደረግ ነበር። ያን ሌሊትም እንደዚያው ነበሩ። እሳቱ ሲነሳ ሄዶ ሊያስነሳቸው የቻለ ሰው አልነበረም። የእሳቱ መነሻም ተመሳሳይ ነው። የአንዱ ፓምፕ ሴፍቲ ቫልቭ ለጥገና ተፈትቶ ቦታው ለጊዜው በክዳን ተሸፍኗል። የሌሊቱ ፈረቃ ይህን ሳያውቅ ፓምፑን አስነሳው። እ.ኤ.አ. በ1984 መርዛማ ጋዝ ባፈተለከበት በሕንዱ የቦፓል ኬሚካል ፋብሪካም ማቀዝቀዣው ከወራት በፊት ጠፍቶ ነበር። ወደ ማቃጠያው የሚሄደው ቧንቧ ለጥገና ተነቅሏል። የውሃ መርጫው ጋዙ ወደሚወጣበት ከፍታ አይደርስም። መከላከያው ሁሉ ተሠርቶ ነበር። የዚያን ሌሊት ግን ጋዙን ሊያቆም የቻለ አንድም አልነበረም።

ስለዚህ እኛ ጋ አሁን በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ አለ። ከወሳኞቹ ውስጥ ዛሬ የማይሠሩት እዚያ ይጻፋሉ፤ ከስንት ሰዓት ጀምሮ፣ በማን ፈቃድ፣ በምትኩ ምን እንደተደረገ። ፈረቃ ሲቀያየር ሁለቱም ኃላፊዎች ሰሌዳው ፊት ቆመው ጮክ ብለው ያነቡታል። ይህን ማድረግ የተቻለው ዝርዝሩ 2,600 ስላልሆነ ነው። ተጣርቶ ከ400 ትንሽ በላይ ቀርቷል። 2,600 ቢሆን ኖሮ ሰሌዳው በየቀኑ ሞልቶ ዐይን ይለምደው ነበር።

ጋሼ ጡረታ ሳይወጡ በፊት ለማፍሰሻው ቫልቭ የቁጥር ሰሌዳ አሠርተን ራሳቸው ሰቀሉለት። ሰንሰለትና ቁልፍ ተደረገለት። ቁልፉ የሚወጣው በፊርማ ነው፤ ውሃው ፈሶ እስኪያልቅም ሰው እዚያው ይቆማል።

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ቴክኒሻን ከቧንቧው መስመር ደወለልኝ። ዋናው የመዝጊያ ቫልቭ ላይ ነው። ሳይነካካው ነው የፈተሸው። በ20 ሰከንድ መዘጋት የነበረበት በ47 ነው የተዘጋው።

"ትንሽ ግሪስ አድርጌ ልድገመው?" አለኝ። ድምፁ ውስጥ ያጠፋ ሰው ፍርሃት አለ።

"አትድገመው። 47 ብለህ ጻፍ። ከዚያ መቆጣጠሪያ ክፍል ደውልና ሰሌዳው ላይ ያስገቡት።"

ጻፈው። በዚያ መስመር የሚደረገው ማስተላለፍ ከሰዓት በኋላ ቆመ። ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው የአየር ሲሊንደር ሲከፈት ታቹ ላይ ውሃ አቁሯል፤ ፒስተኑ ዙሪያውን ዝጓል።